ከፋብሪካ የመጣች ሠራተኛ ያልኩሽ ቀን

ውድ እታለሜ ነፊሳ፣

«ይህ ልጅ ስልክ በኪሱ እያለ ምን ሆኖ ነው በወረቀት የሚያዋራኝ?» ሳትዪ አትቀሪም። ታመመ እንዴ ብለሽም ደንግጠሽ ይሆናል። አልታመምኩም፣ አልሃምዱሊላህ። ነገሩ ስልክ ላይ አፌ ይቀድመኛል። «ሥራ እንዴት ነው?» ስትዪኝ «በሽ ነው፣ ፋታ የለም» እልሻለሁ፤ በቃ፣ ሳላስበው ይወጣል። ወረቀት ላይ ግን የጻፍኩትን መልሼ ስለማነበው መዋሸት ይከብደኛል። ደብዳቤውን ወደ ኮምቦልቻ የሚመላለሰው የጭነት መኪና ሹፌር፣ ሊካሳ፣ እጅሽ ላይ ያደርሰዋል።

አንቺስ እንዴት ከርመሻል? ከስፌት መኪናው ስትነሺ ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ለቀቀሽ? የእማ ጉልበት ብርዱን እንዴት ቻለው? አባባ መድኃኒቱን በሰዓቱ ይወስዳል ወይስ አሁንም «ተሽሎኛል» እያለ ትራስ ሥር ይደብቃል? ባለቤትሽ ጦይብስ፣ ልጆቹስ? ትንሿ አፍራህ ጥርስ አወጣች? የሁላችሁንም ጤና አላህ ያብዛልኝ። እኔ ጤናዬ ደህና ነው። ደህና ያልሆነው ሌላ ነው፤ እሱን ለመጻፍ ሦስት ቀን ስጀምርና ስቀድ ሰነበትኩ።

ያለፈው ሐምሌ ነገር ነው። የእማን ዓይን ልታሳዪ ይዘሻት መጥተሽ፣ አጎታችን ቤት አሳርፈሻት ወደ ሱቄ የመጣሽበት ቀን። ታስታውሻለሽ ወይ አልልሽም፤ እንዳልረሳሽው አውቃለሁ። ስንደዋወል ከ«ደህና ነህ?» የማታልፊው ከዚያ ቀን ወዲህ ነውና።

ያላወቅሽውን ልንገርሽ። ካዛንቺስ የነበረው የልብስ ስፌት ሱቄ ፈርሶ ወደ ቂርቆስ ስዛወር፣ ከመቀስ በፊት የገዛሁት መጋረጃ ነው። ክፍሏን ለሁለት ከፈልኳት። ከፊት ጠረጴዛ፣ ላፕቶፕ፣ «ጄኔራል ማናጀር» የሚል ካርድ። ከኋላ ሁለቱ የስፌት መኪኖችና ሎሚ። ሎሚን አይተሻታል፤ አብራኝ የምትሰፋው፣ ምላሷ ከመርፌዋ ይበልጥ የሚወጋው ሴትዮ። የደንበኛ ኮቴ ስሰማ ከመኪናው ላይ ተስፈንጥሬ እነሳለሁ፣ ክሩን ከሱሪዬ ላይ አራግፋለሁ፣ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጬ ላፕቶፑ ላይ አፈጣለሁ። «የት ነው የምታሰፉት?» ላለኝ ሁሉ «ፋብሪካችን ጎተራ ነው» እላለሁ። ሎሚ ከመጋረጃው ጀርባ አፏን በጨርቅ ይዛ ስትስቅ ይሰማኛል።

አራት ዓመት ማኔጅመንት ተምሬ ልብስ ሰፊ መባል ሞት መስሎኝ ነበር። አብረውኝ የተመረቁት ባንክ ገብተው፣ ከረባት አስረው የተነሱትን ፎቶ ሳይ ስልኬን ደፍቼ አስቀምጣለሁ። አንዱ ጨርቅ ተሸክሜ መንገድ ላይ ቢያገኘኝ «የጎረቤት ነው፣ እያገዝኳቸው ነው» አልኩት። ይህን ሙያ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። የተመረቅሁበትን ሱፍ ኮት ከስምንተኛ ክፍል አቋርጠሽ ቀን ከሌት እየሰፋሽ ያለበስሽኝም አንቺ ነሽ።

ኦሎምፒያ ሰፈር ካፌ ያላቸው ወይዘሮ ሰገን ለአስተናጋጆቻቸው ዐሥራ ስምንት ሸሚዝ በሦስት ቀን ሲሉኝ «እሺ» አልኩ። እችል እንደሆነ ራሴን እንኳ አልጠየቅሁም። ማለቴ፣ ሰው ፊት «አልችልም» የምትለው ቃል ከአፌ አትወጣም። ይሉኝታ ነው እያልኩ ራሴን አባብል ነበር፤ ግን ፍርሃት ነው። እሺ እላለሁ፣ ሥራው አይደርስም፣ ከዚያ ስልኬን እዘጋለሁ። ኮሌታ ደግሞ ከድሮም እንደማይሆንልኝ ታውቂያለሽ። ሎሚ «ለሴትዮዋ ደውልና ቀን አስጨምር» ብትለኝ «ማናጀሩ እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩባት። «ማናጀር ከሆንክማ ማኔጅ አድርግ! እኔ የሰፋሁትን ስትተረትር አይደል እንዴ የምትውለው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ከእኔ እጅ ያልወጣ ሁሉ የተበላሸ ይመስለኛል።

አንቺ የደረስሽው በዚህ መሐል ነው። ኮሌታዎቹን አነሳሽና «ምነው ሙዓዜ፣ በጥርስህ ነው የቆረጥከው?» ብለሽ ሳቅሽ። ሜትሩን አንገትሽ ላይ ጣል አድርገሽ ከመኪናው ኋላ ተቀመጥሽ። ጥቂት እንደሰፋሽ ወይዘሮ ሰገን ሳይታሰብ ገቡ፤ አንቺም ሰው መኖሩን ሳታውቂ ኮሌታ እንደያዝሽ በመጋረጃው ብቅ አልሽ። «ይቺ ደግሞ ማናት?» አሉ።

እህቴ ናት ማለት ምን ያቅታል? የደበዘዘ ቀሚስሽን፣ ብናኝ የተሞላ ሻርፕሽን አየሁና «ከፋብሪካ የመጣች ሠራተኛ ናት» አልኩ።

ዓይን ዓይኔን አየሽኝ። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞረሽ «አዎ እትዬ፣ ከፋብሪካ ነኝ» አልሽ። ውሸቴን አንቺው ተሸከምሽልኝ። ተመልሰሽ ገባሽ፤ መኪናው ወዲያው መጮህ ጀመረ። ዐሥራ ስምንቱንም ኮሌታ ሳትጨርሺ አልተነሳሽም። ስሸኝሽ ታክሲው በር ላይ ቆመሽ «የእናንተ ፋብሪካ ለሠራተኛ ምሳ አያበላም እንዴ?» አልሽኝ። እኔ ቂል ሳቅሁ። ታክሲው ታጥፎ ከሄደ በኋላ ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ ውኃ እንኳን እንዳልሰጠሁሽ ትዝ ያለኝ። ከዚያ ወዲህ ምሳ አጠገቤ በቀረበ ቁጥር ያቺ ቃልሽ ትቀድመኛለች።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለው እኔም ላይ ደረሰ። በዚህ ሳምንት ሰኞ ወይዘሮ ሰገን ተመልሰው መጡ። ሁለተኛ ካፌ ሊከፍቱ ነው፣ ያውም ጎተራ። ሠላሳ ሸሚዝ ፈለጉ። «ኮሌታው እንደዚያኛው ይሁን፣ ያቺው ልጅ ትስፋው። ፋብሪካችሁ እዚያው ጎተራ አይደል? ሐሙስ አስተናጋጆቹን ይዤ እመጣና እዚያው ይለካሉ» አሉኝ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «እሺ!»

ገና ከመውጣታቸው ስልኬን ላጠፋ እጄን ሰደድኩ። ሎሚ መጋረጃውን ገልጣ ቆማ ነበር። «ዝጋው» አለችኝ፣ «ፋብሪካውንም አብረህ ዝጋው።» ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አንድ ቀን እንኳን አልችልም በል እስኪ፤ ሰማይ ይደፋ እንደሆነ አብረን እናያለን» አለች። ከሰዓት በኋላ አንድ ሰውዬ አራት ሱሪ ለነገ ሲለኝ፣ ጆሮዬ እየነደደ «ለነገ አልችልም፤ ለረቡዕ ከሆነ እሺ» አልኩት። «ለረቡዕ ይሁን» ብሎ ሄደ። በቃ፣ ይኸው ነው። ሦስት ዓመት የፈራሁት ነገር ይኼ ነበር።

በማግስቱ በእግሬ ኦሎምፒያ ሄድኩ። የካፌውን በር ሁለት ጊዜ አልፌ ተመለስኩ። ገብቼ ፋብሪካ የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ሰፊው እኔና ሎሚ እንደሆንን፣ ኮሌታውን የሠራችው ያቺ ሴት ታላቅ እህቴ እንደሆነች ተናገርኩ። ወይዘሮ ሰገን ወንበር ስበው አስቀመጡኝ። «ፋብሪካው ይቅር» አሉ በኋላ፣ «እኔም መንገድ ዳር ሻይ ስሸጥ ዘመድ ሲያልፍ ፊቴን በነጠላ እሸፍን ነበር። ግን አንተ ልጅ፣ የገዛ ፊትህን ሸፍን እንጂ እህትህን ትሸፍናለህ?» ስወጣ ጠርተውኝ «እሷ ከሰፋችው ሠላሳውም ያንተ ነው፤ እሷ ከሌለችበት ግን ሌላ ሰው እፈልጋለሁ። እስከ መጪው ሰኞ አሳውቀኝ» አሉ። እሺ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ዋጥ አደረግኩትና «እህቴን ሳልጠይቅ ቃል አልሰጥም» አልኳቸው።

መጋረጃውን አውርደነዋል። ሎሚ ቆርጣ የካውያውን ጠረጴዛ አለበሰችበት። ተለውጫለሁ ብዬ ግን አልመጻደቅብሽም። ትናንት ኮቴ ስሰማ እንደለመድኩት ተስፈንጥሬ ስነሳ፣ ሎሚ ትከሻዬን ይዛ አስቀመጠችኝና «ስፌትህን ጨርስ፣ ሰውየው ዓይን አለው፣ ያይሃል» አለችኝ።

እታለም፣ ይቅርታ የምጠይቅሽ በሸሚዙ ሰበብ አይደለም። ሥራው ቢቀርም ይህን ደብዳቤ እጽፈው ነበር ብል ደስ ባለኝ፤ ግን አራት ወር ዝም ብዬ ወይዘሮ ሰገን ሲያጣድፉኝ መጻፌን ሳስበው እሱም ያሳፍረኛል። ስለዚህ ሁለቱን ለያይተሽ መልሺልኝ። አንደኛው፣ ይቅር በዪኝ። ሁለተኛው ሥራው ነው፤ ጨርቁን በሊካሳ ልልክልሽ፣ ኮሌታውን አንቺ እዚያው ቤትሽ ሆነሽ ስፊው፣ ቀሪውን እኔና ሎሚ እንጨርሰዋለን። ሠራተኛ ሆነሽ አይደለም፤ የሱቁ እኩል ባለቤት ሆነሽ፣ ስምሽም ከስሜ በፊት በሩ ላይ ተጽፎ።

እማን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ይህን ደብዳቤ ግን አታንብቢላት፣ እኔው ስመጣ እነግራታለሁ። አባባን «መድኃኒቱን ትራስ ሥር አትደብቅ፣ መደበቅ የት እንደሚያደርስ ልጅህ ያውቃል» በዪልኝ። ጦይብን ሰላም በዪልኝ። ትልቋ ልጅሽ ካሚላ ሒሳብ ላይ ጎበዝ ሆናለች አሉ፤ ደስ ብሎኛል፣ መርፌ መያዝም አስተምሪያት። አፍራህን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ሎሚም «ያቺን ባለ ኮሌታ» ሰላም በልልኝ ብላለች።

ሊካሳ እሁድ ጠዋት ከመነሳቱ በፊት በራችሁ ያልፋል። ሁለት መስመርም ቢሆን ጽፈሽ ስጪው። እምቢ ካልሽም ጻፊው፤ እምቢ ሰው እንደማይገድል በቅርቡ አይቻለሁ። ዝም ብቻ አትበዪኝ።

ወንድምሽ ሙዓዝ
ቂርቆስ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.