በሦስተኛው ቀን ስለሚሰረዘው ሎግና ስለደረሰኝ ማስጠንቀቂያ

ለተከበሩ የመረጃ ማከማቻ ክፍል ኃላፊ
በቢሮዎ

የተከበሩ ኃላፊ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና አዲሱ የቢሮ ወንበር እንዳስቸገረው ለሰማሁት ወገብዎ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው ሰኞ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፉብኝ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያም በመልካም ጤንነት ላይ ይገኛል፤ አላፊ አግዳሚው ቆም እያለ ያነበዋል። መልሴን ከጎኑ የምለጥፈው ብቻውን እንዳይሰለቸው አስቤ ነው።

ማስጠንቀቂያው «ያለ ፈቃድ ሎግ በማንበብ» ስለሚል፣ ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ላብራራ። እኔ የዚህ መሥሪያ ቤት የሶፍትዌር ፈታሽ ነኝ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስለፈተንኩ ባልደረቦቼ «እማማ ፈተና» ይሉኛል። ሎግ ማለት ደግሞ አንድ ፕሮግራም ሲገነባና ሲፈተን ያደረገውን ሁሉ ሰከንድ በሰከንድ የሚጽፍበት ማስታወሻ ነው። ፕሮግራሙ ሲሳሳት የት ላይ እንደሳተ የሚመሰክረው እሱ ብቻ ነው። እርስዎም ይህን ምስክር በማከማቻዎ በክብር ያስቀምጡልናል፤ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ቦታ እንዳይጣበብ በክብር ይሰርዙታል።

ነገሩ የጀመረው ታናሽ እህቴ የደወለችልኝ ዕለት ነው። እህቴ የሕፃናት ክፍል ነርስ ናት፤ የእኛ ፕሮግራም የሚያትመውን የመድኃኒት ወረቀት ብልቃጥ ላይ የምትለጥፈው እሷ ናት። «እትዬ፣ ሰባት ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ወረቀቱ ላይ ሃያ ሁለት ኪሎ ሆኖ ወጣ። አሁን ከእጄ አውርጄው ክብደቱን ባላውቅ ኖሮ የሦስት ልጅ መድኃኒት ለአንዱ ልሰጥ ነበር» አለችኝ። ነርሶቹ ማተሙን አቁመው ሁሉንም በእጅ መጻፍ ጀመሩ። እኔም ፈተናውን ደጋግሜ ባስኬደው፣ ከሃያ ጊዜ አንዴ ይወድቃል። ከዚያ ወዲያ የተዋለልኝን ውለታ እነሆ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ የወደቀውን ፈተና ሎግ ለማየት ብጠይቅ፣ ሦስት ፊርማ የሚፈልግ ፎርም ተሰጠኝ። አንደኛው ፈራሚ ሥልጠና ላይ፣ ሁለተኛው ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ሦስተኛው እርስዎ ነዎትና የት እንደነበሩ እርስዎ ያውቃሉ። በአራተኛው ቀን «ተፈቅዷል» የሚል ደማቅ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ደረሰኝ። ሎጉ የተሰረዘው በሦስተኛው ቀን ነው፤ ፈተናው በወደቀ ቁጥር ደግሜ ብጠይቅም እንዲሁ ሆነ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚሉ ክፉ ሰዎች አልጠፉም፤ እኔ ግን የማኅተሙን ጥራት አደንቃለሁ።

ሁለተኛ፦ በትልቁ አዳራሽ ንግግር አድርገው ያስረከቡንን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት እጅግ እናመሰግናለን። ታታሪ ነው፤ ለሻይ እንኳ አይወጣም። ስህተቱን እንዲፈልግ ብናዘው ግን ሎግ የማንበብ ፈቃድ አልሰጡትምና፣ ዓይኑን ታስሮ ሌባ እንዲይዝ የተላከ ዘበኛ ሆነ። ሎጉን ቢያገኝ እንደሚሻለው በትሕትና ጠየቀ፤ «አልተፈቀደም» ተባለ። ስለዚህ ገመተ። መጀመሪያ ማተሚያ ማሽኑን ጠረጠረ፤ አይጥ በበላ ዳዋ ይመታል እንዲሉ ምስኪኑ ማሽን ተነቅሎ በሌላ ተተካ። ቀጥሎ ምንም ያልበደለውን የሚዛኑን ኮድ ገለባበጠው። በመጨረሻም ፈተናው ሲወድቅ ሦስት ጊዜ እንዲደገም፣ አንዴ ካለፈም «አልፏል» እንዲባል አደረገና ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ለበሰ። እርስዎም በዚያው ቀን ለሠራተኛው ሁሉ የደስታ መልእክት ላኩ። እህቴ ደውላ «ወደ ማተሙ ተመለሱ ተብለናል፤ እውነት ነው?» ብትለኝ፣ «አትመለሱ! በእጅ ጻፉ» አልኳት። ይህንንም ያለ ፊርማ የሰጠሁት ትእዛዝ ስለሆነ በማስጠንቀቂያው ላይ ይጨመርልኝ።

ሦስተኛው እንኳ ቅሬታ አይደለም፤ ኑዛዜ ነው። በክፍላችን ጡረታ ሊወጡ አምስት ወር የቀራቸው የማሽን ባለሙያ አሉ፤ «ጋሽ ሽቦ» እንላቸዋለን። የተሰረዘብኝን ሎግ እያነሳሁ ሳማርር ሰምተው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው «እንዴ! ዋናው ቢሰረዝ ቅጂው የት ሄደ?» አሉኝ። ለካስ ፕሮግራሙን የሚገነባው ማሽን ሥራውን ሁልጊዜ ከዜሮ እንዳይጀምር፣ የቀድሞ ውጤቶቹን ከነሎጋቸው በራሱ ጊዜያዊ ማከማቻ ይይዛል። ማሽኑ የራሳችን ክፍል ነው፤ የሚገኘውም ጠረጴዛዬ ሥር። ሦስት ሳምንት ሙሉ በፎርም የለመንኩት ሎግ እግሬን ሲያሞቀኝ ከርሟል።

ጋሽ ሽቦ ለረዳቱ ማንበብ ብቻ የሚችልበትን በር ከፈቱለት። በአራት ደቂቃ ውስጥ የወደቁትን ስድስት ፈተናዎች ሎግ አገላብጦ ጥፋቱ ያለበትን መስመር አሳየን፦ ሁለት ነርሶች በአንድ ሰከንድ «አትም» ሲሉ፣ ፕሮግራሙ የሁለቱንም ሕፃናት ክብደት አንድ ስም ባለው ፋይል ላይ ይጽፋል፤ ኋላ የመጣው የፊተኛውን ይደመስሰዋል። ረዳቱም የቀድሞ ግምቶቹ በሙሉ ስህተት እንደነበሩ በራሱ አፍ አመነ፤ በዚህ ሕንፃ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሲደረግ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። እኛም ሎጉን በዓይናችን አይተን አረጋገጥን፤ ለየሕፃኑ የየራሱን ፋይል ሰጠን፤ ያንን የድግግሞሽ ማታለያ አነሳን፤ ፈተናውንም ሁለት ሺህ ጊዜ አስኬድነው። አንድም ጊዜ አልወደቀም። በማግሥቱ እህቴና የሥራ ጓደኛዋ ለሙከራ ጎን ለጎን ቆመው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» ብለው እኩል ተጫኑ። ሁለት ወረቀት ወጣ፤ ሁለቱም ልክ። እህቴ ደውላ ሳቀች፤ እኔ ደግሞ አለቀስኩ። ስሜቴ በሚመለከተው አካል ሳይጸድቅ ስለፈሰሰ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የተከበሩ ኃላፊ፣ ጥፋቴን አልክድም፤ ማስጠንቀቂያውም በማኅደሬ ይቀመጥ። የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሎጉን ለአንድ ወር ያቆዩልን፤ ለረዳቱም እንዲያነብ ይፍቀዱለት። ሁልጊዜ ሕፃኑን ከእጇ የምታወርድ ነርስ አትገኝም።

ለማኅተምዎ የማይደርቅ ቀለም፣ ለብዕርዎ ፈጣን እጅ፣ ለወገብዎም ፍጹም ፈውስ እየተመኘሁ፣ በጽሑፍ የተገሠጽኩና በቃልም ለመገሠጽ የተዘጋጀሁ ታዛዥዎ፣

እማማ ፈተና
ከፍተሻ ክፍል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ በመለጠፍ ላይ ሳለሁ ምክትልዎ ወደ እኔ መጥተው፣ ግራ ቀኝ ካዩ በኋላ፣ የክፍልዎን ፎርም የሚቀበለው ፕሮግራም ከአራት ቀን ጀምሮ መቆሙን፣ የፈተናው ሎግም በሦስተኛው ቀን መሰረዙን በሹክሹክታ ነገሩኝ። እሱንም የሚገነባው ጠረጴዛዬ ሥር ያለው ማሽን ስለሆነ ቅጂው እኛ ዘንድ ተገኝቷልና ወንበር ስቤላቸው እያነበቡ ነው። ፎርም ሙሉ አላልኳቸውም፤ በምን ይሞሉታል?