ከአራተኛ ፎቅ ስለ ተነሡት የድንች ጆንያዎች

ለተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል እያልኩ፣ ደረጃውን ያለ ድካም የሚወጡበት ጉልበት፣ ያዘዙትንም የማይረሱበት ልቡና እንዲሰጥዎ እመኛለሁ። እኔ ጡረታ የወጣሁ ልብስ ሰፊ፣ የአራተኛ ፎቁ ግንበኛ ባለቤት ነኝ። ባለቤቴ ባለፈው ዓመት ስትሮክ መትቶት ቀኝ እጁ እንደ ሰለለ ሕንፃው በሙሉ ያውቃል። ሐኪሙ እጁን እንዲያፍታታበት የጎማ ኳስ ቢሰጠው “እኔ ሕፃን ነኝ?” ብሎ አልጋው ሥር ወረወረው። በኋላ ግን ወጥ ቤት የተረሱና ያቆጠቆጡ ድንቾች አገኘ። ውሃ እንዲወርድ ከሥር የበሳናቸውን ጆንያዎችና አንድ አሮጌ ባልዲ አፈር ሞልተን፣ ደጃችን ባለው መተላለፊያ ተከልናቸው። ድንች ግንዱ ባደገ ቁጥር አፈር እየጨመሩ ማልበስ ይፈልጋልና፣ ለኳሱ የነፈገውን እጅ ለአፈሩ ሰጠ። ሰንበት ብሎም በዚያው እጁ የሸሚዙን ቁልፍ ቆለፈ።

እንግዲህ ቅሬታዬን በታላቅ ትሕትና በቁጥር ላቅርብ።

፩. ጆንያዎቹ “የሕንፃውን ውበት ያጎድፋሉ” የሚል ማስታወቂያ በዋናው በር ስለ ለጠፉልን አመሰግናለሁ። ያነበብኩት ከተሰበረው የፍሳሽ ቧንቧ የሚወርደውን ውሃ ቀሚሴን ሰብስቤ እየተሻገርኩ ስለ ነበር፣ ስለ ውበት የሰጡን ትምህርት ይበልጥ ገብቶኛል።

፪. አፈሩ ፎቁን እንዳይደረምሰው መስጋትዎ የአባትነት ነው። ከጎናችን ያሉት አማችዎ በዚያው መተላለፊያ ሲሚንቶ ከምረው መክረማቸውን አይቻለሁ፤ የዘመድ ሲሚንቶ ቀለል ይል ይሆናል።

፫. ለክትትል ሐኪም ቤት በሄድንበት ጠዋት፣ ጥበቃውን አዘው ጆንያዎቹን ከሕንፃው ጀርባ ስላስጣሉልን ምስጋናዬ የላቀ ነው። ስንመለስ ጥበቃው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ እስክንመጣ እንዲቆይ ቢለምንዎትም እንዳልሆነለት ነገረን። ባለቤቴ ትከሻዬን ተደግፎ ሄደ። ጆንያዎቹ ተቀደዋል፤ ግንዶቹ ተቀንጥሰዋል። መሬት ላይ ተቀመጠና በዚያች በሰለለች እጁ አፈሩን እየዳበሰ፣ ከእንቁላል የሚያንሱ ድንቾች እያወጣ ቀሚሴ ላይ አኖረልኝ። ሰው በየመስኮቱ ብቅ ብሎ ያያል። ሲጨርስ ቀና ብሎ “ገና ነበሩ እኮ” አለኝ። ከዚያ ወዲህ እጁን ከብርድ ልብሱ አያወጣም፤ የማጎርሰው እኔ ነኝ።

አራተኛውን ልጽፍ ነበር፤ ደከመኝ። ይቅርታ ይጠይቁን አልልም፤ ሥራ ይበዛብዎታል። አፈሩን በእነዚሁ ጉልበቶቼ እንደ ገና አወጣለሁ፤ እሱም አንድ ቀን እጁን ይዘረጋ ይሆናል። የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዳግመኛ የሚያስነሡብን ከሆነ፣ እሱ ቤት ባለበት ሰዓት መጥተው ፊቱን እያዩ ራስዎ ይንገሩት።

አራት ፎቅ ወርዶ እግርዎ ሥር በሚደርስ አክብሮት፣ በሕንፃው ውስጥ መኖራችንን ስላስታወሱ እያመሰገንኩ፣

ሁልጊዜም ታዛዥ ጎረቤትዎ፣
ልብስ ሰፊዋ

ማሳሰቢያ፦ ጥበቃው ከዚያ ቀን ወዲህ ወገቡን እያመመው ከባድ ዕቃ ማንሣት እንዳቃተው እንዳሳውቅዎ ለምኖኛል። ትናንት ግን አፈር የሞላ ባልዲ ብቻውን ተሸክሞ ከጥበቃ ቤቱ ጎን ሲያስቀምጥ አይቼዋለሁ። ሳስበው የሚያመው ትእዛዝዎን ሲሸከም ብቻ ነው።