የመርፌው ዘር እስኪጣራ

ለተከበሩ አቶ ዋለ ምንይችል
የሕክምና ምክክርና ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ውጫሌ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። ምኞቴ ከልብ ነው፤ የታመመ ሰው በጽሕፈት ቤትዎ ደጃፍ ምን እንደሚገጥመው በዓይኔ ስላየሁ፣ እንኳን ለእርስዎ ለጠላቴም አልመኘውም።

እኔ ሐይቅ ዳር ጎመንና ሽንኩርት አልምቼ የምኖር ገበሬ ነኝ። ባለቤቴ አገሬ በውስጥ እግሯ የወጣባት ጥቁር ነገር ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ዶክተር ሕይወት የሚባሉ ሐኪም ለሙከራ ስለመጣ አዲስ ሕክምና አስረዱን፤ የሰውነትን መከላከያ የሚቀሰቅስ ዘረመል በመርፌ ጭኗ ጡንቻ ውስጥ ይገባል፣ ጡንቻው ራሱ መድኃኒቱን እያመረተ ወደ ደሟ ይለቃል፣ የተኛው መከላከያም ነቅቶ ካንሰሩን ይዋጋል። ላይሠራም እንደሚችል አልደበቁንም። አገሬ ግን ሳቀችና፣ ይህ ጭን ስንት ዘመን የግሸንን ዳገት ሲያወጣኝ ኖሯል፣ አሁን ደግሞ መድኃኒት ይሥራልኝ እንጂ ሌላ ምን ሥራ አለው አለች። የቀረው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

፩. በመጀመሪያ ስለ ጆሮዎ አመሰግናለሁ። ፈቃዱን ለመነጋገር በጽሕፈት ቤትዎ አዳራሽ በተጠራው ስብሰባ ሐኪሟ ቆመው «ዘረመል» ሲሉ፣ እርስዎ «መል» የምትለዋን ለእሳቸው ትተው «ዘር» የምትለዋን ብቻ ይዘው ተቀመጡ። ከዚያም ዘሩ የማን ነው፣ ከየትኛው ክልል ሰው የተወሰደ ነው ብለው ጠየቁ። ሐኪሟ በቤተ ሙከራ የተዘጋጀ ቢሆንም በሁላችንም ሰውነት ውስጥ ያለ ነው ብለው ሲመልሱ፣ የሁሉም የሆነ ነገር ያጠራጥራል ብለው አጣሪ ኮሚቴ አቋቋሙ። በዕድሜዎ የሁሉም የሆነ ነገር ገጥሞዎት ስለማያውቅ አልፈርድብዎትም።

፪. ስለሚወለዱት ልጆች መጨነቅዎም ልቤን ነክቶታል። መርፌውን የወሰደች ሴት የምትወልደው ልጅ የማን ሊባል ነው አሉ። አገሬ የልጅ ልጅ የዳረች ሴት ናት። ጡንቻ ውስጥ የሚገባው ነገር ወደ ልጅ እንደማይተላለፍ ሐኪሟ ሲያስረዱ እርስዎ ስልክዎን እያዩ ነበር። እኔም ሰው በጭኑ ጡንቻ እንደማይወልድ ለአንድ ኃላፊ ማስረዳት ያስፈልጋል ብዬ አስቤ አላውቅም።

፫. የኮሚቴው አባላት የመሬት ባለሙያ፣ የጽሕፈት ቤቱ ሾፌርና የእርስዎ አማች መሆናቸውን ስሰማ ተጽናናሁ። ከሦስቱ ካንሰርን የሚያውቀው ሾፌሩ ብቻ ነው፤ እናቱን ገድሎበታል። እሱም ይፈቀድላቸው ቢል፣ ስሜታዊ ነህ ተብሎ ከኮሚቴው ተሰናበተ።

ኮሚቴው ሲሰበሰብ፣ ሲበተን፣ ደግሞ ሲሰበሰብ፣ ካንሰሩ ግን ፈቃድ አልጠየቀም፤ ከእግሯ ወደ ብሽሽቷ፣ ከዚያም ወደ ሳንባዋ ሄደ። በመጨረሻ ፈቃዱ ማኅተም አርፎበት ሲመጣ ሐኪሟ አገሬን ደግመው መረመሯትና፣ ለሙከራው የምትሆንበት ጊዜ አልፏል ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ሲያለቅሱ እንዳናይ ነው።

አሁን አገሬ ስሜን ጠርታ ለመጨረስ ትንፋሽ ያጥራታል። ይህን ደብዳቤ በትሕትና የጻፍኩት እሷ ሰውየውን እንዳትሰድበው ስላለችኝ ነው እንጂ፣ ለእርስዎ የሚገባው ቃል ጠፍቶኝ አይደለም። ጠልቼዎታለሁ፣ ክቡር ሆይ፤ ይህንንም የምገልጸው ከታላቅ አክብሮት ጋር ነው። በስብሰባው መዝጊያ ላይ ደረትዎን እየመቱ «አገሬ፣ አገሬ» ሲሉ፣ የኔዋን አስታውሰው መስሎኝ ከተቀመጥኩበት ቀና ብዬ ነበር።

ስለ ጥንቃቄዎ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ወንበርዎ እንዳይነቃነቅብዎ፣ እንቅልፍዎም እንደ ኮሚቴዎ ስብሰባ የረዘመ እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ፣

ዝናቡ ተክለ ማርያም
የአገሬ ባል
ከሐይቅ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ክረምት መኪናዎ ከውጫሌ በታች ተገልብጦ ደም ሲያንስዎት፣ የማያውቋቸው ሰዎች ተሰልፈው ደማቸውን እንደሰጡዎት ሰምቻለሁ። ያኔ ራስዎን ስተው ስለነበር ዘራቸውን ለመጠየቅ አልተመቸዎትም። አሁን ግን እግዚአብሔር ይመስገን ድነዋልና፣ ኮሚቴው ሥራ እንዳይፈታ የሰጪዎቹን ዘር ያጣራና የማይስማማዎት ደም ተመልሶ ይቀዳልዎ። ባልዲውን እኔ ይዤ እመጣለሁ።