አባቴ የመረጡት ካርድ

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ ለአቶ መኳንንት፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ ሻል አለው? ክረምቱስ እንዴት ይዟችኋል? የእናቴ ሳል ለቀቃት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከሰፈሬ ከዓለም ባንክ ጭቃ በቀር ደህና ነኝ። ፈጠነ ወንድሜ፣ ይህን የምታነብላቸው አንተ ነህና አደራህን፣ ከመሐል ምንም እንዳትዘል።

አባዬ፣ በስልክ ልነግርዎ ሦስት ጊዜ ደውዬ ስለ ዝናቡ ብቻ ጠይቄ ዘጋሁ። አፌ እምቢ ስላለኝ ነው የምጽፈው። የስንዴው ገዢ ሲዘገይብዎ ጠይቂልኝ ስላሉኝ፣ ስልክ ቁጥሩን የተወልዎን ልጅ፣ ቀዳማዊን፣ ቤቴል አንድ ካፌ አገኘሁት። በሚያዝያ ወር ሁለት ሁለት ካርድ እያሳዩ የትኛውን ውል ይመርጣሉ ያሉዎ ልጆች ገዢዎች አይደሉም። ማዳበሪያ ሳያበዛ፣ መሬቱን እየጠበቀ የሚያርስ ገበሬ ምን ዓይነት ውል እንደሚወድ የሚያጠኑ ናቸው። ካርዱ ላይ ያለው ገዢም ዋጋም ለጥያቄ ተብሎ የታሰበ ነው እንጂ በእውን የለም። ጣትዎን ያሳረፉበት ወረቀትም መልስ ለመስጠት ፈቃደኛ ነኝ የሚል ብቻ ነው።

በእኛ አገር ግን በሰው ፊት ጣት ካረፈ ውል ነው፤ ሌላ ምን ይምሰልዎ? ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል እንዳልል ልጁ ሌባ አይደለም። ጥናት መሆኑን ቀድመን ተናግረናል ይላል። ያለ ማዳበሪያ እንደዘሩ ስነግረው ሻዩን ሳይጠጣ ቀረ። ይቅርታ አለኝ፣ ከዚያ ሌላ የሚያደርገው የለውም።

እኔን የሚያንገበግበኝ የራሴ ምክር ነው። ያን ቀን ደውለው የቱን ልምረጥ ሲሉኝ፣ ዋጋው አነስ ቢልም ገና ሳይዘራ ዋጋው የተቆረጠውን፣ በዓመቱ የሚያበቃውን ውል ይያዙ ያልኩ እኔ ነኝ። ያ ካርድ ያለ ማዳበሪያ ይዘራ ይል ነበርና፣ እርስዎም ቃልዎን ላለማጠፍ ከማኅበሩ የደረሰዎን ማዳበሪያ ለጎረቤታችን ለጋሽ መሸሻ ለቀቁ። አሁን ስንዴው ቢጫ ሆነ ሲሉኝ ማዳበሪያ ፍለጋ ወጣሁ። እዚህ ዩሪያ ብጠይቅ ለአበባ መደብ የሚሆን በፌስታል ቋጥረው ሰጡኝ። ሦስት ጥማድ መሬት በዚያ ምን ይሆናል? ቀዳማዊ ሲሸኘኝ፣ አብዛኛው ገበሬ የመረጠው እንደ አባትሽ ነው አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው መሰለኝ።

ጋሽ መሸሻን ሰላም በሉልኝ፤ የወሰዱት እርስዎ መርቀው ሰጥተዋቸው ነውና እንዳይቀየሟቸው። እህቴን እሙን ጉንጯን ሳሙልኝ። ፈጠነ፣ አባዬን ለብቻቸው ማሳ አትስደድ። እናቴን እቅፍ አድርጌ ስሜያታለሁ። የገዢው መኪና እንዲገባ አጥሩን እናፍርስ ትላለች አሉ። አታፍርሱት። የሚመጣ መኪና የለም።

ልጅዎ ምሥራቅ
ኮልፌ ቀራኒዮ፣ ዓለም ባንክ፣ አዲስ አበባ
ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.