ከሚሴና መዲና በአንድ መስመር

ሰኞ
ስልኳ ዛሬም ዝግ ነው። ማታ ከዒሻ ሰላት በኋላ ሦስቴ ደወልኩ። ልጄ ዘሀራ መዲና ሰው ቤት ለሥራ ከገባች ወር ሊሞላት ነው። አትሂጂ ብያት እምቢ ስላለች አኩርፌ ዱዓ እንኳ ሳላደርግላት ወጣች። ይኸው ዘጋችኝ።

ቀን እንዳልደውል፣ እዚህ ስድስት ሰዓት ሲሆን የአረቦቹ ሰዓት አሥራ ሁለት ይላል። ለእነሱ ገና እየነጋ ነው ማለት ነው። ከእንቅልፏ አልቀሰቅሳት።

ቤቱ ጭር ብሏል። ለአንድ ሰው ወጥ መሥራት አልቻልኩበትም፣ ሁለት ቀን እበላዋለሁ።

ማክሰኞ
ትምህርት ቤት የጂኦግራፊውን ክፍል ሳጸዳ ሉሉን ወለወልኩ። መዲና የት ናት ብዬ መምህር ሰይድን ጠየቅኩ። አሳየኝ። የተጋደሙት መስመሮች ኬክሮስ፣ ከላይ እታች የወረዱት ኬንትሮስ ይባላሉ አለኝ። ቤት ስደርስ የቱ የቱ እንደሆነ ጠፋኝ። የኔ ነገር!

ረቡዕ
መልሼ ጠየቅኩት። ከሚሴ ሉሉ ላይ የለችም፤ በእርሳስ ነጥብ አደረገልኝ። ከነጥቡ ሽቅብ በጣቱ ሄደ፤ መካ፣ ከዚያ መዲና። ሦስቱም አንድ ኬንትሮስ ላይ ናቸው ማለት ይቻላል አለኝ። በአንድ ኬንትሮስ ላይ ላለ ሁሉ ቀትር እኩል ነውም አለኝ።

ወላሂ አላመንኩትም። ሰዓታቸውሳ? አልኩት።

«ቁጥሩ ነው የተለየው እትዬ ፋጡማ። እኛ ከንጋት እንቆጥራለን፣ እነሱ ከእኩለ ሌሊት። ፀሐይዋ አንድ ናት።»

ለካ ማታ ማታ ስደውል እዚያም ማታ ነው! መጥረጊያ ማስቀመጫው ክፍል ገብቼ አለቀስኩ። ደግሞም ሳቄ መጣ።

ሐሙስ
ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ደወልኩ። ጠራ! አላነሳችም፣ ግን ጠራ። አልሃምዱሊላህ። ከዚያ ደግሞ ፍርሃት ያዘኝ። አይታው ሆን ብላ ትታው ቢሆንስ?

ዓርብ
አነሳች። «አዮ እናቴ፣ ማታ ማዳም ስልኬን ትወስደዋለች። ቀን ለምን አትደውዪም ነበር?» አለች። ድንቁርናዬን ነገርኳት፤ ሳቀች መሰለኝ። ያሰብኩት ሁሉ ጠፋኝና «አፉ በዪኝ ልጄ» ብቻ አልኩ። እሷም «ዙሁር ደርሷል፣ ልሰግድ ነው» ብላ ዘጋች።

እኔም መስገጃዬን አነጠፍኩ። እኔ ወደ መካ ስዞር ወደ ሰሜን ነው። መዲና ከመካ በላይ ናትና እሷ የምትዞረው ወደ ደቡብ ነው። እንግዲህ ፊት ለፊት ቆመናል ማለት ነው፣ በአንድ ሰዓት።

አፉ ብዬሻለሁ አላለችኝም። ግን ፊቷን ወደኔ አዙራለች።