ተራዬ ያልነበረው ወር

ለልጄ፤

ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ዛሬም የእንጨት መላጊያ እገፋለሁ፤ በእጅ መጋዝ ቀጥ አድርጌ እቆርጣለሁ፤ ደረጃውን አንዴ ብቻ አርፌ እወጣለሁ፤ ሸሚዜን አጥባለሁ፤ የጫማዬን ክር ራሴ አስራለሁ፤ ይህንንም ደብዳቤ ማንም ሳያግዘኝ እየጻፍኩ ነው። ይህን ከሰላምታው ያስቀደምኩት ባልሽ ተመልሶ ምን እንዳለሽ ሳልሰማም ስለማውቀው ነው።

አሁን ሰላም ልበልሽ። እንዴት ነሽ እናቴ? ወገብሽ እንዴት ሆነልሽ? ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ መዋል መጥፎ ነው፤ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ቆሜ ሠርቼ ወገቤን አሞኝ አያውቅም። ልጆቹስ? የትንሿ ጥርስ ተነቀለ ብለሽኝ ነበር፤ አዲሱ በቀለላት? ባልሽስ ደህና ገባ? ሲሄድ ኮቱ ላይ ኮላ ነክቶት ነበር። በሙቅ ውሃ ይለቃል በይው፤ ካልለቀቀም በኔ ይሁን። እኔ ደህና ነኝ። የላክሽልኝን ኪኒን እወስዳለሁ፤ ግማሹን።

ስህተት ብታገኚ በቀይ አትክበቢው። ፊደል የቆጠርኩት አንደኛ ክፍል ሳለሽ ካንቺ ደብተር ላይ ነው። አርባ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ አንቺም ምሕረት የሌለሽ አስተማሪ ነበርሽ።

ደብዳቤሽን አራት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለቴ ቤት፣ ሁለቴ ሥራ ቦታ። ዕድሜህን ሙሉ ለፍተህ ምን ያዝክ ብለሽኛል። ነፃነት ነፃነት ስትሉ እኔ በሁለት ክፍል ቤት አደግኩ፤ ጫማ ሲጠበኝ አፍንጫውን በመሮ ከፍተህ አጠለቅክልኝ ብለሽኛል። እውነት ነው። መሮውም እስከ ዛሬ አለ። አይቸኩል የሚሉት ሰው አርባ ዓመት በላያችሁ ላይ ተቀምጦ በላ ብለሽኛል። ከዚያ ደግሞ የምትሠሩበት ግቢ በአንተ ስም ነው፤ እናቴ ሳትሞት ነግራኛለች፤ ሽጠውና እኛ ጋ ና፤ ምድር ቤት ፀሐይ የሚገባበት ክፍል አለ ብለሽኛል። ስለ ክፍሉ አመሰግናለሁ። ከልብሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ለባልሽ መልስ ያልሰጠሁት ስለተቀየምኩ አይደለም፤ መልሱ ላንቺ ስለሚገባ ነው።

መጀመሪያ ባልሽ የገዢውን ሰው ይዞ የመጣ ዕለት የሆነውን ልንገርሽ፤ ባልሽ አሳጥሮ ነግሮሽ ይሆናል። ግቢውን ገዝቶ ፎቅ ሊሠራበት የፈለገው ሰውዬ ራሱ አልመጣም፤ ክራባት ያሰረ ልኳል። ክራባቱ እንደገባ ሥራ አስኪያጁን አገናኙኝ አለ። ቫርኒሽ የምትቀባው ሴትዮ፣ የባሏን ቦታ ይዛ የገባችው፣ ቀና ሳትል መጥረጊያ የያዘው ነው አለችው። መጥረጊያውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ወሩ ተራዬ ነው። ሰውዬው የቀለደችበት መሰለው። ባልሽ አፈረ። እሷ ግን አልቀለደችም። እኛ ጋ ተራኛ ማለት ይኸው ነው፤ በወሩ በር የሚከፍተው፣ ደንበኛ የሚያናግረው፣ ቢሮ የሚሄደው፣ ወለል የሚጠርገውም አንድ ሰው ነው። ወሩ ሲያልቅ መጥረጊያውን ለሚቀጥለው ይሰጣል። መጥረጊያ የያዘ ሰው ብዙ አይኮራም ብለን ነው እንዲህ ያደረግነው። እኔ ግን ይዤም ኮርቻለሁ፤ እደርስበታለሁ።

ይህ ሁሉ የጀመረው ባንቺ አልጋ ነው። ነግሬሽ አላውቅም። ይህን ቤት ያቆምነው ሰባታችንም ያኔ የምንሠራው የአንድ ጌታ እንጨት ሥራ ቤት ነበር። ሰዓቱ ከሱ ጠረጴዛ በላይ ተሰቅሎ ወደኛ ያያል፤ እሱ ጀርባውን ሰጥቶት ነው የሚቀመጠው፤ ምክንያቱም ሰዓት የሚያየው ሠራተኛ ነው። የሚተርፈውን ቁርጥራጭ እንጨት ማንም አይነካም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢው ውስጥ ያስቃጥለዋል። አንቺ ልትወለጂ ስትይ እኔ በምሳ ሰዓቴ ከቁርጥራጩ ትንሽ አልጋ ሠራሁልሽ። እግሮቿ አራት ዓይነት እንጨት ነበሩ። ቅዳሜ ይዤ ልወጣ ስል ጌትዬው አየኝ። አልተቆጣም። ሰው ነበር፤ ክፉ አልነበረም። የማቃጥለውም ቢሆን የኔ ነው፤ ዛሬ አንተን ብተው ነገ ሁሉም አልጋ ይሠራል አለኝ። ከእጄ ወስዶ እሳቱ ላይ አስቀመጣት። አልወረወራትም፤ አስቀመጣት።

ያኔ አይቸኩል መጋዙን መሬት ላይ ጣለና ወጣ። ይህን ስም ያወጣንለት እኛው ነን፤ ምሳ ሲበላ እንኳ ሌላው እጁን ታጥቦ ሥራ ሲጀምር እሱ ገና ሁለተኛ ጉርሻ ላይ ነው። በሕይወቴ ሲቸኩል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኛም ተከተልነው። እኔ አራተኛ ነበርኩ የወጣሁት። አልጋዋ የኔ ሆና አራተኛ መሆኔ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

አሁን ያለንበትን ባዶ ግቢ ለምነን አገኘን። ሥርዓታችንን በሩ ላይ በጠመኔ ጻፍን፤ የጻፈው ፊደል የሚያውቀው አንዱ ነው። ሥራውን ቀድሞ የጨረሰ የሌላውን ያግዛል፤ ሁሉም ሳይጨርስ አንድም ሰው ቤቱ አይሄድም። የተገኘው በየቤቱ ባለው አፍ ልክ ይከፈላል። ቁርጥራጩ የፈለገ ሰው ነው። ይኸው ነው። ነፃ ነበርን ብዬ አልዋሽሽም። እንጨት ሻጩ ሲፈልግ ያስጠብቀን ነበር። አንድ የእንጨት መያዣ ሞርሳ ለመግዛት ከጠዋት እስከ ምሳ ተጨቃጭቀናል፤ ሁለቱ ለአንድ ወር ተኮራርፈዋል። ጌታ ቢኖር በአንድ ቃል ያልቅ ነበር። ግን ከዚያን ቅዳሜ ወዲህ ልውጣ ወይ ብዬ ማንንም ጠይቄ አላውቅም። እናትሽን ቀብረን በሦስተኛው ቀን አንቺ ስልክ ይዘሽ ወደ ውጭ ወጣሽ። መስኮቱ ክፍት ነበር። እባክህ አንድ ቀን ብቻ ጨምርልኝ ስትዪ ሰማሁ። ደጋግመሽ እባክህ አልሽ። ከስልኩ የሚሰማው የአለቃሽ ድምፅ የልጅ ድምፅ ነበር። ያኔም አልወቀስኩሽም፤ አሁንም ልወቅስሽ አይደለም። አንቺ ምን ያዝክ ብለሽ ስለጠየቅሽኝ ነው።

እንግዲህ ስለ ወረቀቱ። አንቺ ሦስት ዓመት ሲሞላሽ ቢሮው ግቢያችሁን አስመዝግቡ አለን። ቢሮ የሚሄደው ተራኛ ነው። ወሩ የአይቸኩል ነበር። ይህን በደንብ አንብቢው፤ ወሩ የኔ አልነበረም። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት እናትሽ የእህቷን ቤት አይታ መጥታ ነበር። አልተጣላችኝም። ራት እያቀረበች ያንተ ስም የሚጻፍበት ነገር ምን ጊዜ ነው የማየው አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም። እኔ በማግስቱ ለጓደኞቼ አይቸኩል ታሟል፤ በሱ ፋንታ እኔ እሄዳለሁ አልኳቸው። አልታመመም። ቢሮ ስደርስ ጸሐፊው ባለቤት ማነው አለኝ። ሰባት ነን አልኩት። አንድ መስመር ላይ ሰባት ሰው አይቆምም፤ አንድ ስም ጻፍ አለኝ። ያኔ መጻፍ የማውቀው ስሜን ብቻ ነበር። ጻፍኩት።

ስመለስ ተመዘገበ አልኳቸው። በማን ስም ብሎ የጠየቀኝ የለም። አልጠረጠሩኝም፤ ነገሩም ትዝ አላላቸውም፤ ባለቤት የሚባል ነገር ከኋላችን ጥለን የመጣን መስሎን ነበር። ወረቀቱ በቆርቆሮ ሳጥን ገብቶ ከኮላው መደርደሪያ በላይ ተቀመጠ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ቀን ቤት አሳድሬው ነበር። እናትሽ ማንበብ አትችልም፤ ስምህ የቱ ጋ እንደሆነ አሳየኝ አለችኝና በጣቷ ሄደችበት።

ወለል ስጠርግ ወለሌ እያልኩ ነው የጠረግኩት። አይቸኩል አርፍዶ ሲገባ፣ ብፈልግ አባርረዋለሁ እያልኩ በሆዴ ሰላም እለው ነበር። አላባረርኩም፤ ክፉ ቃልም አልተናገርኩትም። ግን ያን ጌታ ግቢው ትቼው የመጣሁ መስሎኝ በቆርቆሮ ሳጥን ይዤው መጥቻለሁ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት።

አይቸኩል ምን ሠራ ላልሽው። እናትሽ ታማ ሆስፒታል ሰባት ወር ስትተኛ አጠገቧ ማን ነበር? አንቺ ሥራ ነበረሽ፤ እኔ መላጊያዬን ይዤ ነበር፤ እንዲያ ካልሆነ አብድ ነበር። እሱ ነው ጠዋት ሄዶ እስከ ማታ የሚቀመጠው። ሾርባውን በማንኪያ፣ በዝግታው። ነርሷ እንዲህ የሚታገስ ባል አይቼ አላውቅም ብላዋለች፤ እሱም ባሏ አይደለሁም፤ ከሥራ ያመለጥኩ ነኝ አላት። እናትሽ ስቃ ስቃ ሳል ያዛት። የዚያን ሰባት ወር ድርሻውን ሳናጎድል ሰጠነው። ቆጥሮ ከሱ የሚቀንስ ሰው ቢኖር እኔ እሆን ነበር፤ እኔ ደግሞ በዚያን ጊዜ መቁጠር አልቻልኩም።

ባልሽ በሄደ በማግስቱ ሳጥኑን አውርጄ ለስድስቱም ነገርኳቸው። ተራዬ እንዳልነበረም ነገርኳቸው። ቫርኒሽ ቀቢዋ በር እየቀባች ነበር፤ መሐል ላይ ከቆመ ምልክት ስለሚያወጣ እስከ ጫፉ ቀብታ ጨረሰች። ብሩሿን ነክራ አስቀመጠችና፣ እና እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የአንተን ወለል በነፃ ስጠርግ ኖርኩ በለኛ አለችኝ። አልሳቀችም። ሌሎቹ ወረቀቱን ተቀባበሉት፤ አብዛኞቹ ኋላ የገቡ ናቸው። አይቸኩል ግን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ አውቅ ነበር አለ። እንዴት አወቅክ ስለው፣ የቆርቆሮ ሳጥን ክዳን እንደሆነ አይቆለፍ፤ እኔ ደግሞ የዕረፍት ሰው ነኝ፤ ሁሉንም አንብቤዋለሁ አለ። ለምን አልተናገርክም አልኩት። ሚስትህ ደስ ብሏት ነበራ አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ፣ ያን ቀን ታሟል ብለህ እንደነገርካቸው ስሰማ ውሸታም እንዳትባል ብዬ ቀኑን ሙሉ ተኝቼ ዋልኩልህ፤ አልከፋኝም አለ። ያኔ ነው ቀቢዋ የሳቀችው። ለኔ አልነበረም ሳቋ። ተቀብዬዋለሁ።

ማክሰኞ ሰባታችንም ቢሮ ሄድን። አሁን ጸሐፊዋ ወጣት ሴት ናት፤ ለብዙ ሰው የሚሆን ቅጽ አለ አባባ፤ ድሮም ነበር አለችኝ። ድሮም ነበር ወይ ብዬ ሁለቴ ጠየቅኳት። ነበር። ሁላችንም ፈረምን። ስለዚህ ልጄ፣ የሚሸጥ ነገር የለኝም። ለክራባቱም ይህንኑ ንገሩት። ካንቺ የወሰድኩትን አውቃለሁ። ክፍሉንም፣ ቤቱንም፣ አለቃሽን እባክህ ማለት የምታቆሚበትንም ቀን ወስጄብሻለሁ። ይቅርታ አልጠይቅም፤ ምክንያቱም ተመልሼም ያንኑ አደርገዋለሁ። ግን አውቄ እንዳደረግኩት እወቂ። ብትቆጪ ባልሽን አትላኪ፤ ራስሽ ነይና ተቆጪኝ። የእናትሽ ወንበር ባዶ ነው። ማንንም አታስፈቅጂም።

አይቸኩል ሰላም ብሎሻል። በሕይወቱ ቀድሞ ደርሶ የማያውቅ ሰው አሁን በየጠዋቱ እኔ ሳልወጣ ቤቴ በር ላይ ይቆማል። ለምን እንደሚመጣ የሚጻፍ ነገር አይደለም።

ፈጣሪ ጤናሽን ይስጥሽ፤ ወገብሽን ይማርልሽ፤ ልጆችሽን የሰው ደጅ የማይጠኑ፣ ቀና ብለው የሚሄዱ ያድርግልሽ። ከባልሽ ጋር በሰላም ያኑርሽ፤ ጥሩ ሰው ነው፤ ሲያፍር ያምርበታል።

ዕዳ አለብኝ። ራሴ የምከፍለው ስለሆነ አንቺም ሆንሽ ሌላ ሰው እንዳይነካብኝ። ለቀቢዋ፣ የሷ ተራ ሲደርስ መጥረጊያውን እኔ እይዝላታለሁ፤ እሷ በሩን ብቻ ትከፍታለች። ለባልሽ፣ ኮቱ። ላንቺ፣ እግሮቿ አራት ዓይነት የሆነች ትንሽ አልጋ፤ አሁን ለትንሿ ልጅ አሻንጉሊት ማስተኛ ትሆናለች፤ ሦስቱን እግር ጨርሻለሁ። ለአይቸኩል፣ የወሰድኩበት አንድ ወር። ለሱው ደግሞ፣ ካለፈው ዝናብ ጀምሮ በየጠዋቱ ተንበርክኮ ላሰረልኝ የጫማ ክር።

አባትሽ