ሞራ የለበሰው የአውሮፕላን መስታወት

ለታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንዴት ከርመሻል? አንዴ ጠይቄ አልጠግብምና ደግሜ፣ እንዴት ነሽ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ውሃ የሞላ ባልዲ ብድግ እያደረግሽ በገዛ እጅሽ ታሳምሚዋለሽ? የእማዬ ጉልበትስ? አናጢው ባለቤትሽን ሳሉ ለቀቀው? የእንጨቱ ብናኝ እንዳይገባበት አፍንጫውን ሸፍኖ ይሥራ ብዬሽ ነበር፤ መቼም እሱ ምክር በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ይወጣል። ልጄ ድንቡሼዬስ? የወለቀው ጥርሷ በቀለላት? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ይህን ቃል ከልቤ የጻፍኩልሽ ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ።

በስልክ መንገር እየቻለች ለምን ወረቀት አነሳች እንደምትዪ አውቃለሁ። ስልክ ላይ ገና ሳልጀምር «ምን ሆንሽ?» ብለሽ ታለቅሻለሽ፤ አንቺ ስታለቅሺ እኔ እከተላለሁ፤ ከዚያ ካርዱ ያልቃል። ይሄ ወሬ ደግሞ ከመሐል ቢቆረጥ ደም ብዛት ያመጣል። ስለዚህ ቁጭ በይና አንብቢው። መጨረሻው ደግ ነው፤ አንቺ ነገር ሳያልቅ የምትደነግጪ ሰው ስለሆንሽ እሱን አስቀድሜ ነገርኩሽ።

ቤታቸውን የማጸዳላቸውን ሽማግሌ፣ በእኔና በአንቺ ቋንቋ ጋሼ ብሎንን፣ ታስታውሻቸዋለሽ። ዕድሜ ልካቸውን የአውሮፕላን መካኒክ ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡት ናቸው። ሳሎናቸው መሐል ባለው ትልቅ ጠረጴዛ ላይ የፕላስቲክ አውሮፕላን እንደሚገጣጥሙ ስነግርሽ «ትልቅ ሰው በመጫወቻ!» ብለሽ ስቀሻል። እኔም ስቄ ነበር። መጫወቻ ግን አይደለም፣ እትዬ። በወጣትነታቸው ሲጠግኑት የኖሩት አውሮፕላን ቅጂ ነው። ከእውነተኛው ሃያ አራት ጊዜ ያንሳል፤ ያም ሆኖ ክንፉ ከዳር እስከ ዳር አንድ ክንድ ይሆናል። ከሳጥኑ ሲወጣ ከአምስት መቶ በላይ ቁርጥራጭ ነው። እያንዳንዱን መቁረጥ፣ በብርጭቆ ወረቀት ማሻሸት፣ ማጣበቅ፣ መቀባት ነው፤ ሁለት ዓመት ፈጅቶባቸዋል።

እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ አንደኛው ዓይናቸው ጥላ ብቻ ነው የሚያየው፣ በሌላኛውም ሞራ ወጥቶበት ነበር። አንድ ቀን ጠረጴዛውን ስወለውል «እስቲ ይህቺን ያዢልኝ» ብለው ወረንጦውን ሰጡኝ። ያቺን ያዝኩ፤ ከዚያ ወዲህ አልለቀቅኩም። የሰፈሩን ሴት ሁሉ ጸጉር ሲጎነጉን ያደገ እጅ እንደሆነ የት ያውቃሉ! ከአሮጌ የስልክ ቻርጀር ውስጥ ቀጫጭን የመዳብ ክር መዝዤ የሞተሩን ሽቦ ዘረጋሁላቸው። ከመድኃኒት ማሸጊያ ወረቀት የአብራሪውን ቀበቶ ቆረጥኩ። የፍጥነቱንና የነዳጁን መለኪያ፣ ጌጅ የሚሉትን፣ በመርፌ ጫፍ ቀለም እየነከርኩ ቀባሁ፤ ትንፋሼን ይዤ ነው፣ ላስነጥስ ስል ከክፍሉ እወጣ ነበር። ከሁሉ የሚያስቀው መጨረሻው ነው። እውነተኛ አውሮፕላን ንጹሕ አይሆንም ብለው የእርሳስ ብናኝና ጠመኔ አስፈጭተው ጭሱንና የዘይት ጠብታውን አስቀቡኝ። ጠዋት ቤታቸውን አጸዳለሁ፣ ከሰዓት አውሮፕላናቸውን አቆሽሻለሁ፤ ለሁለቱም ምስጋና አለኝ።

እንግዲህ የድንቡሼን ወረቀት የሰጠኋቸው በዚህ መሐል ነው። ልጅ ወደዚህ ለማምጣት አሠሪ ፈርሞ፣ ስለ ሥራዬና ስለ ጠባዬ መስክሮ ለመሥሪያ ቤቱ መላክ እንዳለበት ነግሬሽ ነበር። ወረቀቱን ተቀበሉና «መጀመሪያ አውሮፕላኑ ይለቅ» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ከዚያ በኋላ ያንን አውሮፕላን የሠራሁት የልጄን እጅ የያዝኩ ያህል ነው።

የቀረን አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ በአብራሪው መቀመጫ ላይ የሚደፋው ክዳን። መስታወት ይሉታል እንጂ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ፕላስቲክ ነው። «ይህን በነጩ ማጣበቂያ እኔው ራሴ ነኝ የማጣብቀው፣ እንዳትነኪው» ብለውኝ ነበር። ፋብሪካው ያንን ሞዴል መሥራት ካቆመ ቆይቷል፤ ምትክ የለውም። ታዲያ ዓይናቸውን ሞራ ሊያስገፍፉ ሐኪም ቤት በሄዱበት ቀን፣ ሳይነኩት ምን አለበት፣ አቧራ ላራግፍ ብዬ ገባሁ። እጅጌዬ ነካው። ወደቀ። ከጠርዙ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ተሰበረች።

የማደርገውን አጣሁ፣ እትዬ። ከዚህ በፊት ከሠራሁበት ቤት አንዲት ሳህን ሰብሬ እንዳባረሩኝ ታውቂያለሽ። ለጫማዬ የማስቀምጣት ማጣበቂያ፣ ሱፐር ግሉ፣ በቦርሳዬ ነበረች፤ ሁለት ጠብታ አድርጌ ስባሪዋን መለስኳት። ያየው ሁሉ አልተሰበረም እስኪል ድረስ ገጠመ። ማንም እንዳያየው ደግሞ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከትቼ ክዳኑን ግጥም አድርጌ ዘጋሁት። ብልጥ ነኝ ባይ! በማግስቱ ጠዋት ስከፍተው መስታወቱ በሙሉ ነጭ ሆኗል። ጋሼ ብሎን ከዓይናቸው ያስገፈፉት ሞራ መጥቶ እዚያ ላይ የተለጠፈ ነው የሚመስለው። በሳሙና አጠብኩት፣ በትንፋሼ አሸሁት፤ ንክች አላለውም።

እሳቸው ዓይናቸው ታሽጎ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ፋሻው የሚፈታው በአራተኛው ቀን ነው። «መስታወቱ ደህና ነው?» ይሉኛል። «ደህና ነው፣ ጋሼ» እላለሁ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔ ግን እያደር ከበደኝ። እህል አልወርድልኝ አለ። አንቺ በደወልሽ ጊዜ «ጉንፋን ነው» ያልኩሽ ያኔ ነው፤ ይቅር በይኝ።

በሦስተኛው ቀን «እስቲ አምጪው፣ ልዳስሰው» አሉ። ሰጠኋቸው። በአውራ ጣታቸው ዙሪያውን ቀስ አድርገው ዳሰሱትና «ጎበዝ፣ በደንብ ይዘሽልኛል» ብለው መለሱልኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። መሬት ቁጭ ብዬ ሁሉንም ዘከዘክሁት፤ መስበሬን፣ መዋሸቴን፣ ወረቀቱን እንዳይቀዳድዱብኝ መፍራቴን ሳይቀር።

ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ከዚያ «ሱፐር ግሉ ነው?» አሉ። አዎ አልኩ። «ዘግተሽ ነው ያስቀመጥሽው?» አዎ። ፋሻቸውን በመዳፋቸው ደግፈው መሳቅ ጀመሩ፤ ሐኪሙ እንዳይስቁ ከልክሏቸው ነበር። መሰበሩ ምንም እንዳልሆነ፣ መስታወቱን ያነጣው የማጣበቂያው ትነት እንደሆነ፣ መውጫ ስላሳጣሁት እዚያው ዞሮ እንደተጣበቀ አስረዱኝ። እንዲህ ዓይነት ሞዴል የሚሠራ ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ ይሄን ሳያደርግ አይቀርም አሉኝ፤ እሳቸውም የመጀመሪያቸው ሲነጣባቸው ተናደው ከግድግዳ ጋር አላትመውት ኖሯል። ቀጥለው «ሂጂና ወለሉ እንዲያብረቀርቅ የምትቀቢውን ፈሳሽ አምጪ» አሉ። በቃ፣ ወደ ወለልሽ ተመለሺ ማለታቸው ነው ብዬ እንባዬ መጣ።

ለካ መድኃኒቱ እሱ ነው! መጀመሪያ በጥርስ ሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ ሞራውን ቀስ እያልኩ እንዳሽ አደረጉኝ፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ እሳቸው ሳያዩ እየመሩ፣ እኔ እያየሁ እየታዘዝኩ። «ክብ ክብ አድርጊ እንጂ አትጫኚ፣ የልጅሽ ጉንጭ ነው በይ» ይሉኛል። ከዚያ የወለሉን ፈሳሽ በኩባያ ቀድቼ መስታወቱን በወረንጦ አንዴ ነከርኩና አወጣሁ፤ ጠብታውን በሶፍት ጫፍ መጠጥኩ፤ አቧራ እንዳያርፍበት ጎድጓዳ ሳህን ደፋሁበት። በማግስቱ ሳህኑን አነሳሁት። መስታወቱን ጋዜጣ ላይ አስቀምጬ በውስጡ አነበብኩላቸው፤ ትንንሹን ፊደል ሳይቀር። ከፋብሪካ ሲወጣ እንኳ እንዲህ አልጠራም ነበር። ጮኼ ነው ያቀፍኳቸው፤ እሳቸውም «ዓይኔን! ዓይኔን!» እያሉ ይጮሃሉ።

ከሰዓት ሐኪሙ ፋሻውን ፈታላቸው። ቤት እንደገባን ኮታቸውን ሳያወልቁ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አሉ። እኔ የቀባኋቸውን ጌጆች አጥርተው ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። አንድ በአንድ ቆጠሯቸው። ጠጋ ብለው አዩና «የግራው ቀበቶ ተገልብጧል» አሉ። ደግ ሰው ናቸው፤ ግን መካኒክ ናቸው።

ቀበቶውን አቃንቼ፣ እሳቸውም መስታወቱን በነጩ ማጣበቂያ ካጣበቁ በኋላ ደፍሬ ስለ ወረቀቱ ጠየቅኋቸው። ግራ ገብቷቸው አዩኝ። ለካ በሰጠኋቸው ዕለት ፈርመው፣ ሁለት ገጽ ሙሉ ምስክርነት ጽፈው፣ ራሳቸው ፖስታ ቤት ሄደው ልከውታል። «መልሱ እስኪመጣ ቀን ስትቆጥሪ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው አውሮፕላኑ ይለቅ ያልኩሽ» አሉኝ። ያን ሁሉ ቀን የፈራሁት ያለቀ ነገር ኖሯል! ልቆጣቸው ፈለግሁ፤ ሳቅ ቀደመኝ።

መልሱ ማክሰኞ መጣ፣ እትዬ። ተፈቅዷል። ድንቡሼ በሁለት ወር ውስጥ መምጣት ትችላለች።

ወረቀቱን ይዤ ክፍሌ ውስጥ ዘለልኩ፣ አልጋው ላይ ወጣሁ። ከዚያ አንቺ ትዝ አልሽኝና ቁጭ አልኩ። የሦስት ዓመት ልጅ ትቼልሽ ሄድኩ፤ ስድስት ዓመት ትኩሳቷን የለካሽው፣ ትምህርት ቤት ያደረስሽው፣ እማዬ ብላ የምትጠራው አንቺን ነው። እኔን «የስልኳ» እንደምትለኝ አናጢው ነግሮኛል፤ አልተቀየምኩም። ለእኔ እፎይታ የሆነው ለአንቺ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ አውቃለሁ ማለትም ድፍረት ነው። ስለዚህ ለእሷ የምትነግሪያት አንቺ ሁኚ፤ በመሰለሽ ቀን፣ በመሰለሽ ቃል።

ከመልሱ ጋር የመጣው ፎርም ሌላም ጥያቄ ነበረበት። ልጅ ብቻዋን አትሳፈርምና የሚያደርሳት ዘመድ አብሯት ይምጣ፣ ሦስት ወርም መቆየት ይችላል ይላል። ሳልጠይቅሽ ያንቺን ስም ጻፍኩ። ወገቤ፣ እማዬ፣ ቤቴ እንደምትዪ አውቃለሁ። ተቆጪኝ፤ ግን እዚህ መጥተሽ ተቆጪኝ።

ለእማዬ ጉልበቷን ስሜያለሁ በያት። አናጢው ለሦስት ወር ምግብ አብስሎ ለእማዬ ማብላት ይችል እንደሆነ ከአሁኑ ይለማመድ፤ ሰላም በይልኝ። ጎረቤትሽን ልብስ ሰፊዋን ለልጅቷ የሚሞቅ ኮት እንድትለካላት አደራ በያት።

ለድንቡሼዬ በየደብዳቤዬ መጨረሻ «ሳሚልኝ» እያልኩ ስጽፍልሽ ስድስት ዓመት ሆነኝ። በዚህኛው አልጽፈውም፤ ራሴ እስማታለሁ።

ታናሽ እህትሽ

ከጋሼ ብሎን ቤት፣ ከኋላው ክፍል
ጥር 12 ቀን